የእሜቴ ጥሩወርቅ ሁለተኛ ዓይን

ልጅ ሆኜ «ቁጭ በይ» ከምባል «ወንዝ ወርደሽ ውኃ ቅጅ» ብባል ይሻለኝ ነበር። መቀመጫዬ ላይ እሾህ ያለ ይመስል እቁነጠነጣለሁ። እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ አንዱን ጎን ጎንጉና ሌላው ላይ ሳትደርስ አምልጬ ስለምሮጥ፣ የሮብ ገበያ ሰው የሚያውቀኝ ግማሽ ራሴ ሹሩባ፣ ግማሹ ጎፈሬ ሆኜ ነው። እኩዮቼ ታውቁታላችሁ፤ ያን ጊዜ ልጅ ሲቁነጠነጥ «ይች ልጅ ጉንዳን በልታ ነው» ይባልና ይታለፋል። ዛሬማ ዕድሜ ደግ ነው፣ ከወንበሬ ለመነሣት እንኳ ሰው እጠራለሁ። ያ መቁነጥነጤ ግን አንዲት ጊዜ ለሰው ጠቅሟል። ወንድሜን ሠዓሊ ያደረገው እሱ ነው። ወንድሜ ይህን ለሰው አይናገርም፤ ስለዚህ እኔ ልንገርበት።

አያ ስማቸው የቤታችን በኩር ነው። አባቴ «ቀንበሬን የሚረከበኝ» ሲል፣ እሱ ቅኔ እማራለሁ ብሎ ዲማ ገባ። ቅኔው ምን ያህል እንደገባው እግዜር ይወቅ፤ ብቻ ከአንድ ሥዕል አዋቂ መሪጌታ እግር ሥር ወድቆ ቀለም ሲበጠብጥ ቆየና፣ ጢም አውጥቶ ከመምህሩ ጋር ተመልሶ መጣ። የመጡት የእኛን ማርያም መቅደስ ሊሥሉ ነው፤ ለአስተርእዮ ማርያም መድረስ አለበት። መሪጌታ ጉልበታቸውን ቁርጥማት የያዛቸው፣ ሲቆጡ ሳል የሚቀድማቸው ደግ ሽማግሌ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑን ብርድ ስለማይችሉት፣ ነጩን አቡጀዲ እኛ ቤት አጠገብ በተሠራ ዳስ ውስጥ ወጥረው ነበር የሚሥሉት። ሲያልቅ ተወስዶ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። መለጠፊያው ሙጫ ደግሞ ከበሬ ቆዳ ተቀቅሎ ነው የሚወጣ። ሽታውን አፍንጫዬ ዛሬም አልረሳውም። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር እየተንጠራራ «ምን ሞተባችሁ?» ይለን ነበር።

እኔ ታዲያ ከዚያ ዳስ አልጠፋም። የቅልሞሽ ጠጠሬን ይዤ በሩ ላይ እጎለታለሁ። መሪጌታ ሲሥሉ ሰው አያዩም። በቅሎ ቤቷን እንደምታውቅ፣ እጃቸው መንገዱን ያውቀዋል። ጻድቅ ከሆነ ፊት ለፊት ነው፤ ሁለት ዓይን፣ ሁለቱም እንደ ፍንጃል የተከፈቱ። ይሁዳ ከሆነ፣ ሰይጣን ከሆነ፣ ክፉ ሰው ከሆነ ግን ከጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ። የጥንት አባቶች እንዲህ አድርገው ነው ያቆዩት፤ ይህን የማያውቅ የአገራችን ልጅ አልነበረም። እኛማ ስንጣላ የምንሰዳደብ በዚያው ነበር። ጠጠሬን የሰረቀችኝን ልጅ «አንች አንድ ዓይን!» ያልኋት እንደሆነ፣ እያለቀሰች ወደ እናቷ ትሮጣለች።

ሥዕሉን የሚያሥሉት እሜቴ ጥሩወርቅ ነበሩ። ከእኛ ቤት ማዶ የሚኖሩ፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ መሬትም ከብትም ያላቸው ሴት ናቸው። አፍንጫቸው ረጅም ነው፤ አገጫቸው ላይ ማርያም የሳመቻቸው ጥቁር ነጥብ አለች፤ አውድማቸው ላይ ሆነው ሲቆጡ እኛ ቤት ያለ ዶሮ ይደነግጣል። የቀለሙንም፣ የሠዓሊዎቹን ቀለብም የቻሉት እሳቸው ናቸው። በአገሩ ወግ ሥዕል ያሣለ ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ትንሽ ሆኖ፣ ተንበርክኮ፣ እጁን ዘርግቶ ይሣላል፤ ስሙም ከሥሩ ይጻፋል። አንድ ቀን እሜቴ «የእኔ ነገር እንዴት ሊሆን ነው?» ብለው መጡ። መሪጌታም ለሌላ ደብር የጀመሩትን አንድ ሥዕል አውጥተው አሳዩዋቸው። ከግርጌው አንዲት ሴት ተንበርክካለች። እሜቴ ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ይች ማን ናት?»

«ያሣለችው ሴት ናት። እርስዎም እንዲህ ይሆናሉ፤ ስምዎ ከሥር ይጻፋል» አሉ መሪጌታ።

«ስሙን ማን ያነበዋል?»

«ካህናቱ ናቸዋ።»

«ካህናቱማ ያውቁኛል፤ ጠላዬን ስንት ዓመት ጠጥተዋል። እኔ የምሻው ሴቶቹ እንዲያውቁኝ ነው።» ከዚያ እሜቴ ሳይለምድባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መሪጌታ፣ እኔ አልወለድሁም። ይች የእገሌ እናት ናት የሚለኝ የለ። ከሞትሁ በኋላ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ማርያምን ልትሳለም ገብታ ‹ውይ፣ ጥሩወርቅ!› ካላለች፣ እኔ አልነበርሁም ማለት ነው።»

መሪጌታ ጢማቸውን አሹ። እሜቴ እውነታቸውን ነው፤ መሪጌታ የሣሏቸው ሰዎች ሁሉ ያንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። በመጨረሻ «እኔ የተማርሁት የሰማዩን መልክ ነው፤ የምድሩን አላውቅበትም» አሉና ወደ ወንድሜ አገጫቸውን ቀሰሩ። «ይሄ ልጅ ዓይኑ ሰው ላይ ነው። እሱ ይሞክረው።»

ዓይኑስ ሰው ላይ ነው! አያ ስማቸው ከሰል ካገኘ አርፎ አይቀመጥም። አባቴን አፉን ከፍቶ ሲያንቀላፋ ጎተራው ላይ ሥሎት፣ አባቴ ጠዋት እህል ሊቀዳ ሲሄድ ከራሱ ጋር ተፋጥጦ አማትቦ ተመልሷል። ይህን ሁሉ ግን መሪጌታ እያዩ እንዳላዩ ያልፉት ነበር፤ የልጅ ጨዋታ ነዋ። አሁን ጨዋታው ሥራ ሆነ። ወንድሜ ደስታው ራት ከለከለው። ከነጋ ጀምሮ እሜቴን መከተል ነው። አውድማ ሲወርዱ ይወርዳል፤ ገበያ ላይ ቅቤ በጣታቸው ሲቀምሱ ቅቤ የሚገዛ መስሎ አጠገባቸው ይቆማል። ቤት ሲመጣ ገል አንሥቶ በከሰል ይሞነጭራል፤ አፍንጫ ብቻ፣ እጅ ብቻ፣ ነጠላ ያዝ ያደረገ ትከሻ ብቻ። የቤታችን ማድጋ የተሰበረ ሁሉ እሜቴን ሆነ። ሰዉም ሐሜት ጀመረ። «የስማቸው ልብ እሜቴን ከጅሏል» ተባለ። እናቴ በዚህ ትቆጣለች፤ እኔ ደግሞ ላልሰማ ሰው ወሬውን እያሞቅሁ እነግራለሁ። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሬዲዮ እኔ ነበርሁ።

ሥዕሉ ደረሰ። ከመሐል ማርያም ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ እሷን መሪጌታ ናቸው የሠሯት። ከግርጌው ግራ ጥግ ወንድሜ እሜቴን ሠራ። የሰፈሩ ሴቶች ሊያዩ መጡ፤ ገና ከበሩ «ውይ! እሜቴ ናቸው!» አሉ። ናቸውም! አፍንጫው፣ አገጫቸው ላይ ያለችው ነጥብ፣ ሲጸልዩ ከንፈራቸውን የሚሰበስቧት ነገር፣ የደረቀ የአውራ ጣታቸው ጥፍር ሳይቀር። ሥዕሉ አሁን «ምን ታፈጥጫለሽ?» የሚለኝ መስሎኝ ወደ ኋላ አልሁ። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ይጋፋሉ። ኋላ ሳቁ ከአንድ ጥግ ጀምሮ ጠፋ። ያየችው ያላየችውን በክርኗ እየነካች ዝም፣ ዝም አሉ። ወንድሜ እሜቴን የሣላቸው ከጎን ነው። አንድ ዓይን።

እሜቴ ቀረብ ብለው አዩ። ይጮኻሉ ብዬ ጆሮዬን ይዤ ነበር። አልጮኹም።

«አንተ ልጅ፣ ምን በደልሁህ?» አሉት።

ወንድሜ ላብ አጠመቀው። «እሜቴ፣ ማርያም እኮ እዚያ ናት፤ እርስዎ እዚህ ነዎት። እሷን እያዩ ነው። ከጎን ሆኜ ሳይዎ አንደኛዋ ዓይንዎ ብቻ ነች የምትታየኝ።»

«ያየኸውን ማን ጠየቀህ? ያለኝን ነው የጠየቅሁህ። እግዜር የሰጠኝ ሁለት ነው።» ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ከበሩ ላይ መለስ ብለው «ሴቶቹ ያውቁኛል አልሁ፤ አሁንማ አወቁኝ፤ ከይሁዳ ጋር የተሣለችው ሊሉኝ ነው» አሉና ሄዱ። ያን ቀን ከማዶ አውድማ ድምፅ አልተሰማም። ዶሮዎቻችን እንኳ ግራ ገባቸው።

መሪጌታ እስኪያስላቸው ተቆጡ። «በየደብሩ የቆየ ስሜን አፈር ልታስበላው ነው?» ብለው ወንድሜን ወረዱበት። ከዚያ ቁጣው ሲበርድላቸው ፈረዱ። እስከ በዓሉ ዋዜማ ሁለተኛይቱ ዓይን ከተገኘች፣ እሜቴም ከወደዱት ይለጠፋል። ካልሆነ ይፋቅና እሳቸው እንደ ጥንቱ ይሠሩታል፤ እሜቴም ከሥር በሚጻፍ ስም ብቻ ይቀራሉ፤ ወንድሜም ወደ አባቱ ቀንበር ይመለሳል። አባቴ ይህን ሲሰማ ለሰው ሐዘኑን እያሳየ፣ ማታ ግን ለወንድሜ የሚሆን ሞፈር ሲጠርብ አየሁት። ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበረበት፤ አባቴን አታውቁትም።

ወንድሜ ያልሞከረው የለም። መጀመሪያ በጎን ፊቱ ላይ ሁለተኛ ዓይን ጨመረ፤ እሜቴ ሁለት ዓይኗ ባንድ በኩል የበቀለባት ፍየል ሆነው ቁጭ አሉ። እኔ ስስቅ በገል ሳተኝ። ቀጥሎ ፊታቸውን ወደ እኛ አዞረው። ሁለት ዓይን ተገኘ፤ ነገር ግን እሜቴ ለማርያም ጀርባቸውን ሰጥተው የሰው ገበያ የሚያዩ ሆኑ። ደግሞም ፊት ለፊት ሲሆኑ ያ አፍንጫቸው ጠፋ፤ አፍንጫቸው ከጠፋ እሜቴ የሉም። ከጎን ሲሠራው መልካቸው ይመጣል፣ ዓይናቸው ይጠፋል። ከፊት ሲሠራው ዓይናቸው ይመጣል፣ መልካቸው ይጠፋል። እህል አልቀምስ አለ። ቀንበሩን ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። «ሁለተኛ ‹ውይ› አትባልም እኮ፤ ሴትዮዋን እኔ ገደልኋት» ይል ነበር። እሜቴ ገና በሕይወት ማዶ ቤታቸው ሽሮ እያስፈጩ እሱ ይቀብራቸዋል።

በዓሉ ሲቃረብ እኔን ያዘኝ። እሜቴ ዳሱ ደጃፍ ድርሽ አይሉ፤ ሰው ያስፈልገዋል፤ የሥራ ፈት ልጅ ደግሞ ከኔ በላይ ማን አለ? ቤት ውስጥ ከበሩ ገባ ብዬ እንድንበረከክ አደረገኝ። ታውቁታላችሁ የያን ጊዜ ቤት፤ መስኮት የለው፣ ብርሃን በበር በኩል ብቻ ነው የሚገባ። ምሰሶዋን «ማርያም ናት፤ እሷን እያየሽ አትነቃነቂ» አለኝ። ለእኔ! ምሰሶዋን አየሁ፤ ጥላሸት የጠጣች ምሰሶ ናት፤ ምኗ ይታያል? ጉልበቴን በላኝ፣ ጆሮዬን በላኝ፣ ይበላኛል ብዬ የማላውቀው ቦታ ሁሉ በላኝ። ውጭ ጓደኞቼ ቅልሞሽ ይጫወታሉ፤ ጠጠሩ ሲወድቅ ሲነሣ ይሰማኛል። «ኧረ የኔን ጠጠር ነው የያዛችሁት!» ልል እልና ወንድሜን እፈራለሁ። ከሁሉ የባሰብኝ ግን እሱ ምን አድርጎ እየሣለኝ እንደሆነ አለማየቴ ነው። በጎፈሬው በኩል ነው ወይስ በሹሩባው?

አንገቴን ሳላዞር፣ ፊቴ ወደ ምሰሶዋ እንዳለ፣ በዓይኔ ብቻ ሰረቅ ላደርገው አልሁ። ዓይን ብቻውን አልደርስ ሲለኝ ደግሞ ፊቴንም ጥቂት፣ የስንዴ ፍሬ ያህል፣ ወደ እሱ አስጠጋሁት።

«እንዳትነቃነቂ!» ብሎ ጮኸ።

«ኧረ አልተነቃነቅሁም!»

«ተነቃንቀሻል! እንደተነቃነቅሽ ቆይ!»

እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። እንደሌባ ተይዤ ደረቅሁ። ወንድሜ ከሰሉን ይዞ ቀርቦ አፍንጫዬን ከዚህ ያየኛል፣ ከዚያ ያየኛል። ለካ ከአፍንጫዬ ድልድይ ጀርባ ሁለተኛዋ ዓይኔ ጫፏን ብቅ አድርጋለች። ሙሉ አይደለችም፤ በአጥር ላይ እንደሚሰርቅ ልጅ ግንባሯን ብቻ ነው ያወጣችው። ፊቴ ወደ ምሰሶዋ ነው፣ ግን ሁለት ዓይን አለኝ። አንደኛውን ጉንጬን የበሩ ብርሃን አግኝቶታል፣ ሌላው ከቤቱ ጨለማ ጋር ነው። «አንች ሌባ» አለኝ ወንድሜ፤ ድምፁ ግን የሚስም ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ ድንገት ሳቀ፤ ከሰሉን ጥሎ ጭኑን እየመታ ሳቀ። «እሜቴስ? እሜቴ ቤተ ክርስቲያን ምን ሲያደርጉ ነው የሚውሉት?» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። የማያውቅ አለና ነው! እሜቴ በሴቶች በኩል ከምሰሶዋ ሥር ይቆማሉ። ፊታቸው ወደ መቅደስ ነው፣ ከንፈራቸው ጸሎት ያደርሳል፤ ዓይናቸው ግን በሩ ላይ ነው። ቅዳሴ ከተገባ በኋላ የምትመጣ ሴት ካለች፣ አንገታቸውን የስንዴ ፍሬ ያህል ዘወር አድርገው በአፍንጫቸው በኩል ያይዋታል። ምንም አይሉም፤ በማግስቱ ግን «ትናንት እንቅልፉ ጣፈጠሽ?» ይሏታል። የአገሩ ሴት ሁሉ ከዲያቆኑ ደወል ይልቅ ያችን ዓይን ይፈራ ነበር። ወንድሜ ስንት ቀን ሲከተላቸው ይህን አይቷል፤ ግን ሥዕል ይሆናል ብሎ አላሰበውም። ለሥዕል የሚበቃው መልካም ጠባይ ብቻ መስሎት ነበር።

ያን ቀን ያሠቃየኝን ሥቃይ ማርያም ትየው። አንገቴን እንደ ሌባ አድርጌ እስከ ማታ አቆየኝ፤ ቅቤ ተቀብቼ ነው የተኛሁ። እሱ ግን ያንን ካየ በኋላ እጁ አልቆመም።

በዋዜማው መሪጌታ ሰው ልከው እሜቴን አስለመኑ። አልሄድም ብለው፣ ብለው፣ በመጨረሻ «ሲፋቅ ለማየት» ብለው መጡ። ሴቶቹም ከኋላቸው ግር ብለው ገቡ። ወንድሜ በጥግ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። አባቴ ከበር ቆሟል፤ ሞፈሩን ሳይዝ ግን አልመጣም። እሜቴ ከሥዕሉ ፊት ቆሙ። ዳሱ ውስጥ የሙጫው መፍላት ብቻ ይሰማል።

መሪጌታ ተጠግተው በጣታቸው ቆጠሩ። «አንድ።» አፍንጫውን ዞር ብለው ጣታቸውን አሾሉ። «ሁለት።» ወደ ሰዉ ተመለሱ። «ሁለት ነው። እንዲህ ያለ አሣሣል ከአባቶቼ አላየሁም፤ ግን ሁለት ሁለት ነው።»

እሜቴ አጎንብሰው ሲያዩ፣ ሲያዩ ቆዩና «ይች ዓይኔ ለምን ጠበበች?» አሉ።

«ከአፍንጫዎ ኋላ ሆና ነው እሜቴ» አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ።

«አፍንጫሽ ትልቅ ነው ማለትህ ነው?»

«እኔ አላልሁም። የሠራው እግዜር ነው፤ እኔ ገልባጭ ብቻ ነኝ።»

አንዲት ሴት ልትስቅ አለችና አፏን ያዘች። ይህች ሴት ቅዳሴ አርፍዳ በመምጣት የታወቀች ነበረች። ሥዕሉን ልታይ ከሰዉ መሐል ብቅ ስትል ያች ዓይን አገኘቻት። ሳታስበው ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበችና «ኧረ አዩኝ!» አለች። ከዚያ በኋላ ማን ዝም ይበል! ዳሱ በሳቅ ተነቀለ። «እኔንም አይተውኛል!» «እኔንም!» ይባላል። ሁሉም ቦታ እየቀየረ ከዓይናቸው ሊያመልጥ ይሞክራል። እኔም ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ተደበቅሁ፤ እዚያም አገኙኝ። እሜቴ መጀመሪያ ከንፈራቸውን ሰበሰቡ፤ ልክ እንደ ሥዕሉ። ቆይተው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሲስቁ እንባቸው ወረደ፤ የሳቅ ብቻ አልነበረም። «ጥሩወርቅ ናት» አሉ ወደ ሥዕሉ እየጠቆሙ፣ እንደ ሌላ ሰው። «በሉ ለጥፏት። ሙጫችሁ እንዳትለቃት ብቻ።»

አባቴ ሞፈሩን ለጎረቤት ሰጠ።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት ሰው ሥሎ አያውቅም ብል አልዋሸሁም። ደብረ ማርቆስ ገብቶ ኖረ፣ የዘይት ቀለም ለመደ፣ ስሙ ወጣ። የሚሥለው የሚያየውን ሰው ነው፤ በግ ሻጯን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ጠጅ ቤት የተቀመጠውን ሽማግሌ። ቤቱ ባለ ብዙ መስኮት ነው፤ ሲሠራ ግን መጋረጃውን ሁሉ ይዘጋና በሩን ብቻ ይከፍታል፤ ሰዎቹም ግማሽ ፊታቸው ብርሃን፣ ግማሹ ጨለማ ነው። ፊታቸው ወደ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለተኛዋ ዓይን ግን ከአፍንጫው ማዶ ብቅ ብላ ታይሃለች። አንድ ሰው ሊያሥል ሲመጣ ለብሶ፣ ተላጭቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ይቀመጣል። ወንድሜ አይነካውም። ወሬ ያወራዋል፤ ቀለም ያማስላል፤ ሰውዬው እስኪሰለች፣ ጉልበቱን እስኪበላው፣ «ይሄ ሰው ምን እያደረገኝ ነው?» ብሎ ሰረቅ እስኪያደርግ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ነው ብሩሹ የሚነሣ። ሰው ተቀመጥ ሲሉት ፊቱን ይዘጋል፣ ሰርቆ ሲያይ ግን መዝጋቱን ይረሳል፤ በሩን የሚከፍት ያኔ ነው ይላል። የተማሩ ልጆች እየመጡ «ይህን መንገድ እንዴት አገኙት?» ሲሉት፣ ዓይኑን ወደ ጮቄ ተራራ አድርጎ ስለ ጠዋት ብርሃን ያወራላቸዋል። እኔ ከጓዳ ሆኜ «እህ! እህ!» ብዬ እስላለሁ። ነገሩ ይገባዋል፤ ወሬውን ግን አያቆምም።

የዛሬ ልጆች ሥዕል ሠዓሊ አይፈልጉም። የልጅ ልጄ ስልኳን ፊቷ ላይ ትደቅናለች፣ ከንፈሯን ታሾላለች፣ ቀጭ ታደርጋለች። ደግሞ ቀጭ። ከዚያ ያልወደደችውን ትደመስሳለች። ወንድሜ አጠገቧ ተቀምጦ «ያችን አትደምስሺ!» ሲል ትስቅበታለች፤ ሁልጊዜ የምትደመስሰው ዓይኗ ወደ ሌላ የሄደባትን ነው። ምን ታድርግ፣ ጊዜዋ ነው። እኛ በዘመናችን አንድ ጊዜ ለመታየት ስንት መከራ አየን፤ እነሱ በቀን ውስጥ መቶ ጊዜ ይታያሉ። አልቀናባትም። ሳቋ ያምራል፤ ልጅቱ ሲያምርባት እኔም ያማረብኝ ይመስለኛል።

ዘንድሮ ለአስተርእዮ ማርያም ወደ ሰፈራችን ወስደውኝ ነበር። መንገዱ ሌላ ነው፣ የቤቱ ክዳን ሁሉ ቆርቆሮ ነው፣ የማውቀው ሰው ጥቂት ነው። በሴቶች በኩል ገብቼ ከግድግዳው ሥር ቆምሁ። እሜቴ አሉ፤ ቀለማቸው ትንሽ ጠቆረ እንጅ አሉ። ከእኔ ቀደም ብላ፣ እሷም ቅዳሴ ከተገባ በኋላ የገባች አንዲት ወጣት ሴት ከፊቴ ነበረች። ከሥዕሉ ፊት ስትደርስ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነጠላዋን አስተካከለች። አጠገቧ ያለች ትንሽ ልጅ እጇን እየጎተተች «እማ፣ ይች ማን ናት?» አለቻት። እኔ አፌን ልከፍት ነበር። ሴትዮዋ ቀደመችኝ፤ «ዝም በይ፣ እሜቴ ጥሩወርቅ ናቸው። ያረፈደ ሰው ያያሉ» አለቻት፣ ወደ ሥዕሉ ቀና ሳትል። ልጅቱም ቶሎ ከእናቷ ጀርባ ገባች።

እኔም ነጠላዬን ሳብ አደረግሁ። መኪናው አዘግይቶን እኮ ከሁሉ በኋላ የገባሁት እኔ ነበርሁ።